ያገለገለ ብስክሌት ልትገዙ ስትሄዱ

(ባሕር ዳር ውስጥ ለወጣት ሠራተኞችና ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር ተገልብጦ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ዛሬ እዚህ በብስክሌት የመጣችሁ እጃችሁን አውጡልኝ። ጎሽ! ግማሽ አዳራሽ። ባሕር ዳር ነዋ። አሁን ደግሞ ከእናንተ ውስጥ ብስክሌቱን አዲስ፣ ከነፕላስቲኩ የገዛችሁ ብቻ እጃችሁን አቆዩ። እሺ፣ አየኋችሁ። ዛሬ ትንሽ ልታዝኑብኝ ትችላላችሁ፣ ካሁኑ ይቅርታ።

እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። ሥራዬ ስለሆነ ደህና ብስክሌት ወደ እኔ አይመጣም፣ የሚመጣው የተሰበረው ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ የጠጋኝ አስተያየት ነው። ሻጭ ሌላ ይላችኋል፣ እሱም ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነውና አልፈርድበትም።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ገንዘብ ጥሩ አዲስ ብስክሌት የማይገዛ ከሆነ፣ በዚያው ገንዘብ ርካሽ አዲስ ከምትገዙ ጥሩ አሮጌ ግዙ። ብዙ ያለው ሰው የፈለገውን ይግዛ፣ እሱ ዛሬ እዚህ አልመጣም።

ለምን እንደዚያ እላለሁ? አዲሱ ብስክሌት በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ብዙው ከቻይናና ከሕንድ። በዶላር ነው የሚገዛው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሄደ። የእናንተ ደሞዝ ግን አብሮ አልሄደም። ታዲያ አስመጪው ምን ያደርጋል? ዋጋው እንዳያስደነግጣችሁ ዕቃውን ያወርደዋል። ቀለሙ ያምራል፣ ሞላ አለው፣ ዲስክ ፍሬን አለው፣ 21 ማርሽ አለው። ሥዕሉ ሙሉ ነው።

እስቲ ቁጭ ብለን እናስላው። 21 ማርሽ ማለት ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ባለጥርስ ክብ ማለት ነው፣ 3 በ7 ሲባዛ። ማርሽ ቀያሪ ሁለት፣ መቆጣጠሪያ ሁለት፣ ካቦ ሁለት። ላዩ ላይ የፊት ሞላ፣ የኋላ ሞላ፣ ሁለት ዲስክ። ያችው የከፈላችኋት ገንዘብ ለዚህ ሁሉ ዕቃ ተከፋፍላለች። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ምን ያህል ነው? ስለዚህ እያንዳንዱ ዕቃ ከዓይነቱ የመጨረሻው ርካሽ ነው። ፋብሪካው ሌላ ምርጫ የለውም።

ያ የፊት ሞላ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ርካሽ ሞላ ድንጋይ አያስመልጥም። ክብደት ይጨምራል፣ በፔዳል ላይ ቆማችሁ ስትገፉ ወደታች እየተጫነ ጉልበታችሁን ይበላል። ከጊዮርጊስ እስከ አባይ ማዶ ባለው አስፋልት ላይ ሞላ ምን ይሠራል? ባሕር ዳር ሜዳ ናት። እዚህ 21 ማርሽ ያለው ሰው ሁለቱን ይጠቀማል፣ አስራ ዘጠኙን ተሸክሞ ይዞራል።

ቀለሙ ገና ያልደበዘዘ ብስክሌት እየገፉ ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አንድ ነው፣ ፔዳሉ ወልቋል። ፔዳሉ የገባበት ክንድ ለስላሳ ብረት ነው፣ ፔዳሉ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ተልጧል። ሰውየው «እሰርልኝ» ይለኛል። ምኑን ልሰር? የሚይዘው ጥርስ ካለቀ የሚቀረው ክንዱን መቀየር ነው። ለዚያ ሞዴል የሚሆን ክንድ ደግሞ ገበያ ላይ ብቻውን አይገኝም።

አሁን ወደ አሮጌው እንምጣ። አሮጌ ስል ደግሞ ዝም ብዬ አሮጌ አላመልክም። የአባቶቻችን ፊኒክስ የሚባለው፣ በካቦ ፈንታ በብረት ዘንግ ፍሬን የሚይዘው፣ ብዙ ሰው በፍቅር ያወራለታል። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ሲሚንቶ ትጭኑበታላችሁ፣ አይናገርም። ግን ቸርኬው ብረት ነው። ብረት ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬን አይዝለትም፣ ጎማው ብዙ ርቀት ሄዶ ነው የሚቆመው። በሐምሌ ዝናብ ባጃጅ ድንገት ፊታችሁ ሲቆም ይህን ነገር ታስታውሱታላችሁ። ስለዚህ ለዕለት ሥራ ከሆነ አሉሚኒየም ቸርኬ ያለው አሮጌ ፈልጉ። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፣ ቸርኬው ላይ ካልተጣበቀ አሉሚኒየም ነው።

እኔ የምወደው አሮጌ የትኛው ነው? ከአውሮፓ ወይም ከአረብ ሀገር ዘመድ የላከው፣ ወይም አንድ የውጭ ዜጋ ሲሄድ ጥሎት የሄደው። ተራ የከተማ ብስክሌት። ሞላ የሌለው፣ ሲያዩት የማያጓጓ። አንዳንዱ ፔዳሉን ወደኋላ ሲረግጡት ነው የሚቆመው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ፍሬን የለውም» ብሎ ጥሎት ይሄዳል፣ ዋጋውም በዚህ ምክንያት ይወርዳል። ግን ፍሬኑ ከኋላው ጎማ መሃል ውስጥ ተደብቋል፣ ዝናብም አይነካውም። ከፊት አንድ የእጅ ፍሬን ብቻ ጨምሩበት። እሱን ብታገኙ አታመንቱ።

ሲገዙ መያዝ ያለበት አንድ ሐሳብ አለ። ብስክሌት ላይ የሚቀየር ዕቃ አለ፣ የማይቀየር አለ። ጎማ ይቀየራል። ፍሬን፣ ካቦ፣ ካቴና፣ መቀመጫ፣ ኩሽኔታ ይቀየራል። ሻንሲው፣ ማለትም ዋናው የብረት አካል፣ እና የፊተኛውን ጎማ የሚይዘው ሹካ ግን ከተበላሹ አብዛኛውን ጊዜ ብስክሌቱ አልቋል። ገዢ ግን ምን ያያል? ጎማው አዲስ መሆኑን፣ መቀመጫው አለመቀደዱን፣ ደወሉ መጮሁን። ሻጭ ይህን ያውቃል። አዲስ ጎማ ያስገባል፣ አዲስ መያዣ ፕላስቲክ ያደርጋል፣ ቀለም ይረጭበታል።

ቀለም! ስለ ቀለም ትንሽ ልቆይ። በቅርቡ አንዲት ነርስ ብስክሌት ልትገዛ ስትል «እባክህ አብረኸኝ ሂድ» አለችኝ። ሻጩ ግቢ ደረስን። ብስክሌቱ ሰማያዊ ነው፣ ያበራል። ጎማው ላይ ትንንሽ የጎማ ፀጉሮች አሉ፣ አዲስ ነው። እሷ ፊቷ በራ፣ በዓይኗ «እንዳታበላሽብኝ» ትለኛለች። ብስክሌቱን ከጥላው አውጥቼ ፀሐይ ላይ ገለበጥኩት። ከሥር፣ ትልቁ ቱቦ ከመሪው ቱቦ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ቀለሙ ሽብሽብ ብሏል። ሌላው ቦታ ሁሉ ለስላሳ ነው። በጥፍሬ ነካ አደረግኩት። ቀለሙ ሲነሳ ከሥሩ ስስ ቡናማ መስመር ወጣ፣ ዝገት ነው። ዝገቱ የሄደው የብየዳውን ጠርዝ ተከትሎ ዙሪያውን ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት ሻጩን። «ጭረት ነዋ፣ ጋሼ» አለኝ። ጭረት ክብ እየዞረ አይሄድም። መሪውን በአንድ እጄ፣ መቀመጫውን በሌላው ይዤ ስጠመዝዘው መስመሩ ተከፈተ፣ ስለቀው ተዘጋ። እሷም አየችው። ተመሰጋግነን ወጣን።

ያ ቦታ ነው ቁልፉ። ብስክሌት ከባጃጅ ጋር ወይም ከጉድጓድ ጋር ፊት ለፊት ሲጋጭ ጉልበቱ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከመሪው ሥር ባለው ቱቦ በታችኛው በኩል ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም ቱቦው ካበጠ፣ አንድ ቀን ተጋጭቷል። በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ሂዱ፣ ዓይን የሚያልፈውን ጣት ይይዘዋል። ሹካውን ከጎን እዩት፣ ወደኋላ ታጥፎ ከሆነ ዋጋ አትጠይቁ። ከኋላ ቆማችሁ ደግሞ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን እዩ።

ሙሉው ብስክሌት አዲስ ቀለም ከሆነ ጠይቁ፣ «ለምን ቀባኸው?» የሚመልሰውን ሳይሆን ፊቱን እዩ። የተላላጠ ግን የፋብሪካ ቀለም ያለው ብስክሌት ቢያስጠላም እውነቱን ይነግራችኋል። የታወቀ ብራንድ ስቲከር ደግሞ አያታላችሁ። ስቲከር በሳንቲም ይታተማል።

ሻንሲው ብረት ከሆነ ማግኔቱ ይይዛል። ብረት ላይ ያለ ትንሽ ስንጥቅ ጥሩ በያጅ ካገኘ ይድናል፣ ዋጋውን ግን አብራችሁ ቀንሱ። አሉሚኒየም ከተሰነጠቀ ተሰናበቱት። አሉሚኒየም ሲበየድ ዙሪያው በሙቀቱ ይደክማል፣ ከብየዳው አጠገብ መልሶ ይሰበራል። ካርቦን የሚባለውን የውድድር ብስክሌት ደግሞ ከማታውቁት ሰው አሮጌ አትግዙ። ስንጥቁ ውስጥ ነው፣ ላዩ ሳይነካ ሊደበቅ ይችላል።

አንድ ተንኮል ልጨምር። መቀመጫውን ለማውረድና ለማንሳት ሞክሩ፣ እዚያው ሻጩ ፊት። ብዙ ጊዜ ሳይነቀል የቆየ የአሉሚኒየም ቱቦ ብረት ሻንሲ ውስጥ ይነክሳል፣ ይጣበቃል። ሻጩ «ለእርስዎ ልክ ነው» የሚላችሁ ማውረድ ስለማይችል ይሆናል። ቁመቱን የምታውቁት እንዲህ ነው፣ ቁጭ በሉ፣ ተረከዛችሁን በታችኛው ፔዳል ላይ አድርጉ፣ እግራችሁ ሳይታጠፍ ቀጥ ካለ ልካችሁ ነው። ከዚያ በእግራችሁ መዳፍ ፊተኛ ክፍል ስትገፉ ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፋል፣ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። በዝቅተኛ መቀመጫ የሚነዳ ሰው ጉልበቱ ሲታመም «ብስክሌት አይስማማኝም» ይላል።

አሁን ጎማ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ የሚያለቅሰው። ጎማው «26» ነው ተብሎ ይገዛል፣ ሲያልቅ ገበያ ሄዶ 26 ጎማ ይገዛል፣ አይገባም። እንዴት? ሁለት ዓይነት 26 አለ፣ እንዲያውም ከዚያም በላይ። 26 በ1.95 የሚባለው የተራራ ብስክሌት ጎማ ነው፣ የቸርኬው ዲያሜትር 559 ሚሊሜትር። 26 በ1 3/8 የሚባለው ቀጭኑ የድሮ ጎማ ግን 590 ሚሊሜትር ነው። 3 ሳንቲሜትር ልዩነት። ማንም ጠጋኝ ጉልበት ቢያወጣ አያስገባውም። በነጥብ የተጻፈና በክፍልፋይ የተጻፈ ቁጥር አንድ አይደለም፣ 1.75 እና 1 3/4 እንኳ የተለያዩ ጎማዎች ናቸው። 28 የሚባለውም እንዲሁ ነው፣ ፊኒክሱ 635 ነው፣ የአውሮፓው የከተማ ብስክሌት 622 ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈ ሌላ ቁጥር አለ፣ እንደ 50-559 ያለ። ሁለተኛውን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጻፉና ከመግዛታችሁ በፊት ጎማ ሻጭ ጋ ደውሉ፣ «559 አለህ?» ከሌለው በደንብ አስቡ። ጥሩ ብስክሌት ጎማ ከሌለው ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ ነው። እዚህ ከተማ 559 የትም አለ። 635ም ይገኛል። የቀሩትን ፈልጋችሁ ነው።

ቸርኬውን ከመሬት አንስታችሁ አዙሩ። የፍሬኑን ላስቲክ እንደ ምልክት ተጠቀሙ፣ ቸርኬው ወደ ላስቲኩ እየቀረበና እየራቀ ከዞረ ተጣሟል። ትንሽ ጥሜት እኔም ሌላም ጠጋኝ እናቃናዋለን። ቸርኬውን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁ፣ «ቋ ቋ» ካለ ኩሽኔታው ልል ነው። ኩሽኔታ ርካሽ ነው፣ ግራሶም እንዲሁ። ስለዚህ ይህ ለመሸሻ ምክንያት አይሆንም፣ ዋጋ ለማስቀነሻ ግን ደህና ነው። ፔዳሉንም እንደዚያው ነቅንቁት።

ፔዳልን ካነሳን፣ ግራ ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ግራው ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ይህን የማያውቅ ልጅ በመፍቻ ያለ የሌለ ጉልበቱን ይጠቀምና ጥርሱን ይልጠዋል። ከዚያ ማስቲሽ ወይም ክር አስገብቶ ይዘጋውና ይሸጠዋል። እያያችሁ ግራ ፔዳሉን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ፔዳሉ ራሱ ሳይሆን ሥሩ ከተንቀሳቀሰ ክንዱ አልቋል።

ካቴናውን ለመለካት ተራ ማስመሪያ ይበቃል። ከአንዷ ፒን መሃል ጀምሩና፣ የጀመራችሁባትን ሳትጨምሩ፣ እስከ 24ኛዋ ፒን መሃል ለኩ። አዲስ ካቴና ከሆነ ርዝመቱ 30.5 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። 30.8 ከደረሰ ተወጥሯል፣ ጥርሶቹንም አብሮ በልቷቸዋል። እንደዚህ ላለው አዲስ ካቴና ብቻ ብትገዙለት በአሮጌ ጥርስ ላይ እየዘለለ ያስቸግራችኋል፣ ሁለቱንም ነው የምትቀይሩት። ሻጮች ማስመሪያ ሲያዩ ደስ አይላቸውም። አንዱ «ልብስ ልትሰፋለት ነው እንዴ?» ብሎኛል።

ዋጋ። ስለ ዋጋ ቁጥር አልነግራችሁም፣ ዛሬ የምናገረው ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ግን እንዲህ አስቡ። የሚቀየሩትን ዕቃዎች ዝርዝር ያዙ፣ የጠጋኙን የእጅ ዋጋ ጨምሩ፣ ሻጩ በጠየቀው ላይ ደምሩ። ድምሩ የጥሩ አዲስ ብስክሌት ሁለት ሦስተኛ ካለፈ ተዉት፣ ሌላ ይመጣል። ስትከራከሩ «ያንስ» ብቻ አትበሉ። «ካቴናው አልቋል፣ የኋላው ኩሽኔታ ልል ነው፣ ሁለቱ ካቦ ዝጓል» በሉ። ሻጭ የሚያውቅ ገዢ ሲያይ ቶሎ ይወርዳል፣ ከማያውቅ ጋር ግን ቀኑን ሙሉ ይስቃል። ደላላ በመሃል ካለ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ መጨረሻ ላይ እንዳትናከሱ።

አሁን ደስ የማይለውን እንናገር። ዋጋው በጣም ከወረደ፣ ሻጩ ከቸኮለ፣ በምሽት ካልሆነ አላሳይም ካለ፣ ብስክሌቱ የሰው ነው። አንድ ተማሪ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆልፎ ገብቶ ሲወጣ ያጣው ነው። ብስክሌቱን ገልብጡትና ፔዳሎቹ የሚዞሩበት ቤት ሥር እዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሻንሲ ቁጥር እዚያ ታትሞ አለ። ከተፋቀ ወይም በቀለም ከተደፈነ አትንኩት። ካለ በስልክ ፎቶ አንሱ። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሁለታችሁን ስም፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ዋጋውንና ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙ፣ የሻጩን ፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ አንሱ። ቅር የሚለው ሻጭ ካለ ቅር ይበለው።

አዲስ አበባ የምትሄዱ ልጆች አላችሁ መሰለኝ፣ ትምህርት የደረሳችሁ። እዚያ የነገርኳችሁ ትንሽ ይቀየራል። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ዳገቷ አይጣል ነው። እዚህ ያለማርሽ የሚነዳ ጎበዝ እዚያ ከፒያሳ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ይሞክረውና ይንገረኝ። እዚያ ማርሽ ያስፈልጋችኋል፣ ግን ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሰባት ብቻ ይበቃል፣ ከኋላ ያለው ትልቁ ጥርስ ሰፊ ይሁን። ፍሬን ደግሞ ከሁሉም በላይ እዩ፣ የወጣችሁትን ትወርዱታላችሁና። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ በተወሰኑ እሑዶች መንገድ ለመኪና ይዘጋል፣ አዲስ የገዛችሁትን አሮጌ ብስክሌት የምትሞክሩበት እንደዚያ ያለ ቀን የለም።

አሮጌ የማትገዙት ነገር አንድ አለ፣ የራስ ቆብ። ሄልሜት አንዴ ከተጋጨ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ተጨምቆ አልቋል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። የፍሬን ላስቲክና ካቦም አዲስ አድርጉ፣ ዋጋቸው አያስጨንቅም፣ የሚያድኑት ግን እናንተን ነው።

ጥያቄ ካላችሁ ልቀበል። ... አዎ፣ እህቴ።

«ቀሚስና ነጠላ ለምትለብስ ሰው ያ መሃል ላይ ያለው ቱቦ አይመችም፤ ምን ትመክራለህ?» ጥሩ ጥያቄ። ቱቦው ወደ ታች የወረደ ብስክሌት ፈልጊ። «የሴት ነው» እየተባለ ወንዶች ስለማይገዙት ዋጋው ይቀንሳል። ሰንሰለት መሸፈኛ ያለው ይሁን፣ ነጠላ ካቴና ውስጥ ከገባ ይቀደዳል፣ አንቺንም ይጥልሻል። የኋላው ጎማ ላይ ከጎን የጨርቅ መከላከያ የሚባል መረብ ካለው ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፣ ከሌለው ሽቦና ጨርቅ አምጪልኝ፣ እኔ ሠርቼ እሰጥሻለሁ።

ከኋላ ያለኸው ልጅ። «ታናሽ ወንድሜ ስምንት ዓመት ሆኖታል፣ እንዲያድግበት ትልቅ ልግዛለት?» አይ፣ ወንድሜ። በማይደርስበት ብስክሌት ልጅ ይወድቃል፣ ከወደቀ ይፈራዋል። ሁለት እግሩ መሬት የሚነካበትን 20 ኢንች አሮጌ ግዛለት። ልጆች በዚያ ብስክሌት ብዙ አይቆዩም፣ ስለዚህ ብዙዎቹ ሳያልቁ ነው የሚሸጡት። ሲያድግ አንተም መልሰህ ትሸጠዋለህ፣ ዋጋው ብዙ አይወርድብህም። ሌላ ጥያቄ?